የዐሥራ አንዱ ቀን ፀሐይ

በጡረታ በተገለልሁ ሰሞን ማኅደሬን የሚያዘጋጅልኝ ወጣት፣ «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ፀሐይ እመዘግብ ነበር» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ አለ፤ ከዚያም በክፍቱ ቦታ ላይ «መዝገብ ቤት» ብሎ ጻፈ። አላረምሁትም። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ግን ልጆቼም እንኳ በቅጡ የሚያውቁት ስለማይመስለኝ፣ ጊዜና ጤና ሳለኝ ልጽፈው ተነሣሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ልደታ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደ ጨረስሁ የተቀጠርሁትም እዚያው፣ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት በማያስኬድ መሥሪያ ቤት፣ በገልባጭ ጸሐፊነት ነበር። የእጅ ጽሑፌ ያማረ ስለ ነበር ውልና ማመልከቻ ከረቂቅ ወደ ንጹሕ ወረቀት እገለብጥ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ያስተማሩኝ ሕግ አንድ ነው፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ወረቀት አይደለም። አንድ ፊደል ከተበላሸ ገጹ በሙሉ ይቀደዳል፤ እንደ ገና ይጻፋል፤ ረቂቁ ይቃጠላል። በአንዲት በተደለዘች ቁጥር ምክንያት ውላቸው ውድቅ የሆነባቸው ባልቴት ደጃፋችን ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ስለዚህ ሕጉን እንደ ዳዊት ደገምሁት።

ደርግ ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ሠራተኛ ሲደለደል፣ ወደ አየር ጠባይ ምዝገባ ተዛወርሁ። ደመወዙ ያው ነበር። አዲሱ ክፍላችን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ፣ ከባለቤቱ በአዋጅ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ቤቱ ለመኖሪያ እንጂ ለመዝገብ አልተሠራምና የሰሜኑ ጣቢያዎች ቅጽ በምግብ ቤቱ፣ የደቡቡ በመኝታ ቤቱ፣ የባሕር ጠረፉ ደግሞ በመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጥ ነበር። እኔ የተመደብሁት በገንዳው ላይ ነው። ሰንጋ ተራ የሚኖር ወንድሜ፣ «ባሕሩን ለመጠበቅ ገንዳ ውስጥ ቀጠሩህ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይትባረክ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው በየጠረፉ እየተዘዋወሩ ሰማይ ሲመለከቱ ኖረዋል። ጠዋት ሲገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ በጓሮው በር ይወጣሉ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ዙሪያውን ያያሉ፤ ያዩትን በብጣሽ ወረቀት ይጽፋሉ። ሰላምታ የሚሰጡን ከዚያ በኋላ ነው። «ሰው ሳያነጋግረኝ ያየሁት ይሻላል» ይሉ ነበር። ከዕቃ ግምጃ ቤት አዲስ እርሳስ ሲመጣም ጫፉ ላይ ያለውን ላጲስ በምላጭ እየቆረጡ ይጥሉታል።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ጋሼ፣ ለምን ይቆርጡታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ላጲስ ያለው እጅ ድፍረት ያበዛል» አሉኝ። «ከተሳሳትህ አንድ መስመር ስደድበት። ከሥሩ ያለው ቁጥር ይነበብ። አጠገቡ ፈርምና ትክክለኛውን ጻፍ።»

«ስርዝ ድልዝ ይሆናል እኮ።»

«ይሁን። የምንጽፈው ውል አይደለም። ሰማይ ከእኛ ጋር አልተዋዋለም።»

ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ልቤ አልተቀበለውም።

ሥራችን ከየጣቢያው የሚመጣውን ወርኃዊ ቅጽ መርምሮ ወደ ዋናው መዝገብ ማስገባት ነበር። እኔ የወደድሁት የፀሐይን ዐምድ ነው። ፀሐይ የምትመዘገብበት መሣሪያ ብርቱካን የሚያህል ድፍን የብርጭቆ ኳስ ነው። ከኋላው ሰዓቶች የታተሙበት ጠባብ ካርድ ይሰካል። ኳሱ ጨረሩን ሰብስቦ በካርዱ ላይ ያሳርፈውና ያቃጥለዋል፤ ፀሐይዋ ስትጓዝ ጠባሳውም አብሯት ይጓዛል። ደመና ከጋረዳት ጠባሳው ይቋረጣል። ጀንበር ስትጠልቅ ካርዱ ይነሣል፤ የተቃጠለው ርዝመት ይለካል፤ በቅጹ ላይ «ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ» ወይም «ባዶ» ተብሎ ይጻፋል። ሰው የማያስተባብለው ምስክር ነው፤ ጽሑፉን ፀሐይዋ ራስዋ ትጽፈዋለችና።

ከአሰብ በስተሰሜን፣ በባሕሩ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ነበረችን። ተመልካችዋ ወይዘሪት ለተብርሃን የምትባል ሴት ነበረች። የጻፈችልኝን ቅጽ ሁሉ አውቀዋለሁ፤ እርስዋን ግን አይቻት አላውቅም ነበር። ጥፋቴ የተሠራው በእርስዋ የጥር ወር ቅጽ ላይ ነው።

በዚያ ወር ውስጥ ዐሥራ አንድ ተከታታይ ቀናት ፀሐይ «ባዶ» ተብለው ተጽፈዋል። የደመናው ዐምድ ሰማዩ በሙሉ በዝቅተኛ፣ ግራጫ ደመና እንደ ተሸፈነ ይናገራል። በሙቀቱ ዐምድ ግን በእነዚያው ቀናት ሃያ ስምንት ዲግሪ ሰፍሯል። ቅጹም ስርዝ በስርዝ ነበር፤ አንድ ቁጥር ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል፤ በየስርዙ አጠገብ የእርስዋ ፊርማ አለ።

እኔ የማውቀው ዝቅተኛ ደመና የልደታው የሐምሌ ደመና ነው። ሹራብ ያስለብሳል። ሃያ ስምንት ዲግሪ እየሞቀ ፀሐይ የለም ማለት፣ እሳት ሳይነድ ድስቱ ፈላ እንደ ማለት ሆነብኝ። በንግግራችንስ ሙቀቱን ራሱን ፀሐይ እያልን አይደለም የምንጠራው? ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ «ዛሬ ፀሐዩ አይቻልም» ይላል። ስለዚህ ፈረድሁ። ተመልካችዋ ካርዱን ሳትሰካ ቀርታለች፤ ስርዝ ድልዙም የመደናገርዋ ምልክት ነው አልሁ። ለጎደለ ቀን የወሩን አማካይ መሙላት በክፍላችን የተፈቀደ ነበር፤ ሲሞላ ግን ምልክት ይደረግበታል። እኔ ዐሥራ አንዱንም ቀን ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዓት ሞላሁ። ምልክቱን ተውሁት፤ ገጹን ያበላሽብኛል። በዕድሜዬ ከጻፍኋቸው ገጾች እንደዚያ ያማረ የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አቶ ይትባረክ ለቁጥጥር ወደ ደቡብ ጣቢያዎች በሄዱበት ጊዜ፣ በጣቢያዋ አጠገብ ስለሚገኝ አንድ የጨው ማምረቻ ከምርመራ ኮሚቴ ደብዳቤ መጣ። የጥር ወር የፀሐይ መዝገብ በማኅተም ተረጋግጦ እንዲላክ ይጠይቃል። መዝገቤ ለቁም ነገር በመፈለጉ ደስ አለኝ። ገለበጥሁት፤ ምክትሉ ፈረሙበት፤ ማኅተም ተመታበት፤ ሄደ።

አቶ ይትባረክ ሲመለሱ ቀሪውን ቅጂ አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠሩኝ።

«ይህ ጥር ንጹሕ ነው» አሉ። «ማን አጠበው?»

የሠራሁትን ነገርኋቸው። የለተብርሃንን ቅጽ አምጣ አሉኝ። ለማቃጠል ከለየኋቸው ረቂቆች መካከል አግኝቼ አመጣሁላቸው። ጣታቸውን በስርዞቹ ላይ እየጎተቱ አነበቡና፣ «ይህቺ ሴት ተጠራጥራ፣ ሁለት ጊዜ አይታ፣ ሁለቱንም ጻፈችልህ። አንተ አንድ ጊዜም አላየህም» አሉኝ። ቀጥለው የኮሚቴውን ደብዳቤ አነበቡልኝ። እኔ ያነበብሁት መጠየቂያውን ብቻ ነበር፤ መግቢያውን አላስተዋልሁትም። የማምረቻው ፎርማን አቶ ሑሴን በአሻጥር ተከሰው ታስረዋል ይላል። የጥር ወሩ ጨው ያልደረሰው የባሕሩን ውሃ የምታደርቀውን ፀሐይ ደመና ስለ ጋረዳት ነው ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ኮሚቴው እውነት መሆኑን ከመዝገብ ሊያጣራ ፈልጎ ነበር።

እኔ ደግሞ በማኅተም የላክሁላቸው ፀሐይ ነው።

«ማስተባበያ ደብዳቤ አሁኑኑ ልጻፍ» አልሁ።

«በደብዳቤ የሄደ ስሕተት በደብዳቤ አይመለስም። አንተ ትሄዳለህ። ፈራሚው የኔ ክፍል ነውና እኔም እሄዳለሁ።»

በዚያ ዘመን «አሻጥር» የሚለው ቃል ከአንድ ሰው ላይ ሲነሣ በሌላው ላይ እንደሚያርፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከሰውየው ላይ ሳነሣው በእኔ ላይ ሊያርፍ ይችላል። መፍራቴን አልደብቅም። ለእናቴ የነገርኋት ለሥራ ጉዳይ እንደምሄድ ብቻ ነው።

በጭነት አውሮፕላን፣ በጎማና በዱቄት ጆንያ መካከል ተቀምጠን ሄድን። ከበረሃው አልፈን ባሕሩ ላይ ስንደርስ ጥቁር ሆኖ ታየኝ። ሰማያዊ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ጥቁሩ አለቀና ከሥራችን ሁሉ ነገር ነጣ፤ የተነደፈ ጥጥ በሜዳ ላይ እንደ ተዘረጋ። ዓይኔን ስላሳመመኝ እጄን በግንባሬ ላይ አደረግሁ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ዐሥራ አንዱ ቀን» አሉ አቶ ይትባረክ። «የጥር ወሩ ደመና ታናሽ ወንድም ነው።»

«ለተብርሃን ግን የጻፈችው ግራጫ ደመና ብላ ነው።»

«ከሥር ሆና ነዋ። እኛ ያለነው ፀሐይዋ ባለችበት ወገን ነው። ዓይንህን የሚያሳምምህ ብርሃን ወደ ባሕሩ ሊወርድ የነበረ ነው፤ ደመናው መለሰው። ለተብርሃን የሚደርሳት ትራፊው ነው።»

«ደመናው የሚበላው መስሎኝ ነበር።»

«ጥቂት ይበላል። በላተኛው ባሕሩ ነው። አየኸው፤ ጥቁር ነው፤ የወረደለትን ሁሉ ይውጣል። ደመና ግን ከሚበላው የሚመልሰው ይበልጣል።»

«ሁለቱም ውሃ አይደሉም እንዴ?»

«ድፍን የጨው ድንጋይ ብርሃን ያሳልፋል አይደል? ወቅጠው፤ ይነጣል። ጨውነቱ አልተለወጠም፤ ብርሃን የሚመልሰው ፊቱ በዛ እንጂ። ደመናም እንዲሁ የተወቀጠ ውሃ ነው። ጠብታው በደቀቀ መጠን ይብስ ይነጣል።»

«ሙቀቱስ?» አልሁ። ይህ ነበር የያዘኝ።

«ሙቀቱ የባሕሩ ነው። የዋጠውን ቀንም ሌሊትም ይተነፍሰዋል። ደመናውም ዝቅ ብሎ ስለሚኖር ከባሕሩ ብዙ አይቀዘቅዝም። ልደታ ሆነህ ሙቀትንና ፀሐይን በአንድ ስም ጠራሃቸው። እዚህ ሁለት ናቸው።»

በደመናው ውስጥ አልፈን ወረድን። ነጩ ግራጫ ሆነ። ከአሰብ በመኪና ተጉዘን ጣቢያዋ ስንደርስ ሸሚዛችን በላብ ጀርባችን ላይ ተጣብቆ ነበር።

ለተብርሃን ከእኔ ጥቂት የምታንስ፣ ፀጉርዋን በሻሽ ያሰረች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ነበረች። አቶ ይትባረክን በአክብሮት ተቀበለቻቸው። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እርስዎ ነዎት የልደታው ፀሐይ አውጪ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እኛ ጋ ለማውጣት ይከብዳል። እርስዎ በእርሳስ ያወጡታል አሉ።»

መልሴን ሳትጠብቅ ከአልጋዋ ሥር አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ስባ አወጣች። የጥር ወር ካርዶች በየቀናቸው ታስረው ተቀምጠዋል። ዐሥራ አንዱን ለየችልኝ። ሁሉም ባዶ ናቸው፤ ጫፋቸው በባሕሩ ርጥበት ጎብጧል እንጂ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተቃጠለችባቸውም። በየጀርባቸው ቀኑንና «ተሰክቶ ነበር» የሚል ቃል ጽፋለች።

«ይህን ቃል ለምን ጻፍሽው?» አልኋት።

«አንድ ቀን አንድ ሰው አልሰካችም እንደሚል አውቅ ነበር» አለች።

ኮሚቴው በማግስቱ በማምረቻው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ወጣት፣ እንደ እኔው ደገኛ ሰው ነበር፤ አንገቱን በመሐረብ ይጠርጋል። አቶ ሑሴን በጎን በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ስድሳን የተሻገሩ ወሎዬ ናቸው፤ እግራቸው ከጨውና ከውሃ ብዛት ተሰነጣጥቋል። ከታሰሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

ተነሥቼ ስሜንና ሥራዬን ተናገርሁ። ቀጥዬም፣ የላክሁት መዝገብ ትክክል እንዳልሆነ፣ ዐሥራ አንዱን ቀን የሞላሁት ከራሴ ግምት እንደ ሆነ፣ ተመልካችዋ በትክክል መዝግባ እንደ ነበር አስረዳሁ። ካርዶቹን በጠረጴዛው ላይ ደረደርሁ።

ሰብሳቢው አንዱን አንሥቶ ገለባበጠው። «ትናንት በማኅተም ፀሐይ ነበረች አልክ። ዛሬ በባዶ ወረቀት አልነበረችም ትላለህ። የትኛውን ልመን?»

«ባዶውን፣ ጓድ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ስለሞቀ ፀሐይ ያለች መሰለኝ።»

«ሲሞቅማ አለች ነው የሚባለው» አለ አንገቱን እየጠረገ። «ይኸው ዛሬም እየቀቀለን አይደለም እንዴ? ፀሐይዋ ሠርታለች፤ ጨዉ የት ሄደ? ነው ጥያቄው።»

የራሴን ስሕተት ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ያን ጊዜ ነው ሙሉ በሙሉ የገባኝ። አቶ ይትባረክ ተነሡ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ መሣሪያው ከዚህ ሃምሳ እርምጃ ነው። ተነሥተን እንየው» አሉ።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ደመናው እንደ ጣራ ዝቅ ብሎ ሰማዩን ሞልቶታል። ለተብርሃን ካርዱን ከኳሱ ኋላ ሳበችና አሳየች፤ ከማለዳ ጀምሮ ተሰክቶ፣ ምንም የለበትም። ሰብሳቢው ካርዱን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። አሁንም አላመነም። «ታዲያ ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ?» አለ።

ከኋላችን፣ ከጠባቂያቸው ጋር የቆሙት አቶ ሑሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ጓድ፣ ላብዎን ይተዉትና ጥላዎን ይፈልጉ።»

ሁላችንም ወደ መሬት አየን። ሰብሳቢው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ። ከእግሩ ሥር ምንም አልነበረም።

«ጨው የሚያደርቅልኝ ያ የጠፋብዎ ነው» አሉ አቶ ሑሴን። «ላብማ እኔም ሞልቶኛል።»

ጠባቂው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ሰብሳቢውም በመጨረሻ ፈገግ አለ። ወደ አዳራሹ ተመለስን። ቃሌን ጽፌ እንድፈርም አዘዘኝና፣ «ስርዝ ድልዝ እንዳይኖርበት» ብሎ አስጠነቀቀኝ። አቶ ይትባረክ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

የእኔን ጉዳይ በአጭሩ ልዝጋው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በማኅደሬ ተቀመጠ፤ የደረጃ ዕድገቴ ዘገየ። ከዚያ የከፋ ፈርቼ ነበር፤ አልመጣም። ልደታ ስንመለስ አዲስ ገጽ ልጻፍ ብዬ ስጠይቅ አቶ ይትባረክ ከለከሉኝ። ዐሥራ አንዱን ዘጠኝ ሰዓት አንድ በአንድ ሰርዤ፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ ፈረምሁ። ያ ገጽ ለአዳዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ ሆኖ ኖረ። በኋላ ራሴ አመልክቼ ተመልካች ሆንሁ፤ ጎሬ፣ ነጌሌ፣ ጎዴ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ጽሑፍ የነካሁት መጀመሪያ የሰውየውን ሰማይ አይቼ ነው። አሁን መሣሪያው ራሱ ይመዘግባል፤ ካርድ የሚነሣበት ጊዜም አልፏል። አልቆጭም። ሥራዬን ወድጄው ኖርሁ፤ እንዲህ ለማለት የሚችል ሰው ብዙ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ የማስበው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። አቶ ሑሴን በስምንት ሰዓት ተለቀቁ። ሚስታቸውና ልጆቻቸው መንደር ውስጥ እየጠበቁ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የባሕር ውሃ ተገድቦ ወደሚደርቅበት የጨው ግድብ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። ጫማቸውን አውልቀው ዳር አስቀመጡና ቁጢጥ አሉ፤ ጣታቸውን በውሃው ነክረው ቀመሱ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«አብሽር» አሉ ሳያዩኝ። «ብቻ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ከልደታ ልከህልኝ አንድ ቁና ጨው አልወጣውም።»

በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደመናው ከበረሃው ወገን ተቀደደ። ብርሃኑ በግድቡ ላይ ሲወድቅ ውሃው እንደ ቆርቆሮ አንጸባረቀ፤ የሁለታችንም ጥላ በጨዉ ላይ ረዝሞ ወጣ። አቶ ሑሴን ጥላቸውን አዩ፤ የእኔንም አዩ፤ ዓይናቸውን አጥብበው ሳቁ።

«እስቲ የልደታው፣ ዛሬስ ስንት ሰዓት ትሰጠኛለህ?»

«ካርዱ ሳይነሣ አላውቅም» አልኋቸው።

ትከሻዬን በእርጥብ እጃቸው መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ጫማቸውን አንሥተው፣ በባዶ እግራቸው፣ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።